የመዳመጫው በር በየትኛው ቁልፍ እንደተከፈተ

የምስክር ስም፦ ወ/ሮ ጉዲቱ ሆራ
ዕድሜ፦ 54
አድራሻ፦ ናዝሬት ከተማ፣ ቀበሌ 08
ቀን፦ መጋቢት 6 ቀን 1976 ዓ.ም.

የሟች የደገፋ ወዬሳ እናት ነኝ። የልጄን ሞት ያወቅኩት የካቲት 29 ቀን ከቀትር በኋላ በቀበሌው ሱቅ የስኳር ወረፋ ላይ ቆሜ ሳለሁ ነው። የሥራ ጓደኛው ሰንበታ መጥቶ ደገፋ እጁን ትንሽ ተጎድቷልና ወደ ቤት እንሂድ አለኝ። ዓይኔን ማየት ሲያቅተው ገባኝ። በማግስቱ ማለዳ ሽማግሌ መርዶ እስኪነግረኝ ድረስ ቤት ሊያቆዩኝ ነበር። እኔ ግን በቀጥታ ወደ ጥጥ መዳመጫው ፋብሪካ ሄድኩ። እናትየው ዛሬውኑ ትመጣለች ብሎ የጠበቀ ስላልነበረ በር ላይ ያገደኝ የለም።

ልጄ የመዳመጫውን ጥርስ ያጸዳ ነበር። ሥራውን ራት ላይ ደጋግሞ አስረድቶኛል። ጥርሱን የሚጋርደው የመከለያ በር ቁልፍ በኤሌክትሪክ ሣጥኑ ላይ ተሰክቶ ይኖራል፤ የመዳመጫው መኪና እየዞረ አይነቀልም። መኪናው ጠፍቶ ጥርሱ ፈጽሞ ሲቆም ብቻ ኤሌክትሪኩ ይለቀዋል። ይህን መጠበቅ ሥራ ያዘገያል። የምርት ውድድር ከታወጀ ወዲህ የክፍሉ ኃላፊ አቶ አብተው፣ ገበያ ውስጥ ካለ ቁልፍ ሠሪ ሁለተኛ ቁልፍ አስቀርጾ፣ መኪናው ሳይቆም በሩን ያስከፍት ጀመር። ልጄ እምቢ ባለ ጊዜ በሠራተኛው ፊት «ሙሽራ ነህ እንዴ፣ በር እስኪከፈትልህ የምትቆመው?» ብሎ እንደተሳለቀበት ነግሮኛል።

ስደርስ መኪናው ቆሟል፤ ሬሳውን አንስተውታል። የሣጥኑ ቁልፍ ከቦታው አልተነቀለም። ወለል ብሎ በተከፈተው የመከለያ በር ላይ ደግሞ ሌላ ቁልፍ ተሰክቷል። አቶ አብተው ነቅሎ ኪሱ ሲከተው አየሁ። የማን ነው ብዬ ጠየቅኩት። «እትዬ ጉዲቱ፣ ይቀመጡ» አለኝና ውኃ እንዲሰጡኝ አዘዘ። ውኃውን አልጠጣሁም።

ከቀብሩ በኋላ ፋብሪካው፣ ሟች ራሱ ቁልፍ አስቀርጾ በቸልተኝነት ገባ አለ። ይህን በለቅሶ ድንኳኔ ቆሞ የተናገረው አቶ አብተው ነው። ተናግሮ፣ ንፍሮዬን ቆርጥሞ ሄደ። መኪናው ዛሬም ይዞራል፤ በዚያ ቁልፍ ዛሬም የሰው ልጅ ይገባል። የምጠይቀው ጥፋቱ ከልጄ ላይ እንዲነሣና ቁልፉ ከገባበት ኪስ እንዲፈለግ ነው።

ቃሌ ተነቦልኝ ያልኩት ሆኖ አግኝቼዋለሁ፤ ያየሁትንና ከልጄ አፍ የሰማሁትን እንጂ ሌላ አልጨመርኩም። በመሠረተ ትምህርት ተምሬያለሁና ጣቴን ቀለም አላስነካሁም፤ ቀስ ብዬ ስሜን ጽፌያለሁ። መርማሪው የጸሎት ነገር በምስክር ቃል አይጻፍም ብሎኝ ነበር፤ ከወንበሩ አልነሣም ስል ጻፈልኝ። ይህን የምታነቡ ሁሉ ስለ ልጄ ነፍስ ጸልዩልኝ። የክርስትና ስሙ ተክለ ሚካኤል ነው።

የምስክሯ ፊርማ፦ ጉዲቱ ሆራ
ቃሉን የተቀበለው፦ ሃምሳ አለቃ አሳምነው አምባዬ