በገጽ 112 ላይ ያለው ስዊድናዊ

የምስክሩ ስም፦ አርቮ ኢልማሪ ኬቱነን
ዕድሜ፦ 79
ሥራ፦ ጡረተኛ፤ ቀድሞ የእህል ጎተራ መዛኝ
አድራሻ፦ ኦንታሪዮ፣ ተንደር ቤይ ከተማ፣ ፒተር ጎዳና
ቀንና ሰዓት፦ ቅዳሜ ኦክቶበር 19 ቀን 2019፣ ከቀኑ 10 ሰዓት
ቃሉን የተቀበለው፦ ኮንስታብል ዳግ ፔልቲየር

ስሜን ወስደው በምትኩ የስዊድናዊ ስም ሰጥተውኛል። የተፈጸመብኝ በደል ይህ ነው።

እኔ ፊንላንዳዊ ነኝ፤ አገሬን ስዊድናውያን ለዘመናት ገዝተዋታል። ትምህርቴን ከስምንተኛ ክፍል አቋርጬ በወደቡ ጎተራ ሠላሳ ስምንት ዓመት ስንዴ መዝኛለሁ። የቀረውን ትምህርት ያገኘሁት ከከተማው ቤተ መጻሕፍት ነው፤ አዲስ የታሪክም ሆነ የማኅበረሰብ ጥናት መጽሐፍ መደርደሪያው ላይ በወጣ ቁጥር ቀድሜ የማነበው እኔ ነኝ። ዶክተር ሜሬዲት ሃልስ የተባለች ተመራማሪ የጎተራ ሠራተኞችን ታሪክ ልትጽፍ በመጣች ጊዜ፣ በረዶው ሁለቴ ወርዶ እስኪቀልጥ ድረስ ወጥ ቤቴ ተቀምጣ የዓሣ ሾርባዬን እየጠጣች የነገርኳትን ጽፋለች። ልጅ የለኝም። ስሜ በዚያ መደርደሪያ ላይ እንዲቀር ፈልጌ ነበር።

በዛሬው ዕለት መጽሐፉ የሚመረቀው በወይዘሮ ግዌን ታልቦት የመጻሕፍት መደብር ከቀኑ 8 ሰዓት ነበር። እኔ 7 ሰዓት ላይ ደረስኩ። ጠረጴዛው ላይ ሠላሳ አንድ ቅጂ ተደርድሯል። እንደ ልማዴ ከመጨረሻው፣ ከስሞች ማውጫው ጀመርኩ። ኬቱነን የሚል የለም። ቃሌን ፈልጌ ገጽ 112 ላይ አገኘሁት፤ ተናጋሪው ላርስ ሉንድክቪስት ይባላል።

ከኪሴ ማስመሪያና እስክሪብቶ አውጥቼ ተቀመጥኩ። በየቅጂው ላርስን በአንድ ቀጥ ያለ መስመር እየሰረዝኩ ከጎኑ ስሜን ጻፍኩ። አስራ ዘጠነኛውን ቅጂ እንደጨረስኩ ወይዘሮ ግዌን አዩኝ።

"አባባ አርቮ! ምን እያደረጉ ነው?"

"እርማት።"

"ገና ያልተሸጠ መጽሐፍ እኮ ነው!"

"ታዲያ ስህተቱ ከተሸጠ በኋላ ላርም?"

ለፖሊስ ደወሉ። ፖሊስ ከመድረሱ በፊት ዶክተር ሜሬዲት መጣች።

"አባባ፣ የሁሉንም ስም ቀይሬያለሁ እኮ። ደንባችን ነው፤ እርስዎን ለመጠበቅ።"

"ከማን?"

"ከ... ከአለቆችዎ።"

"የመጨረሻው አለቃዬ ከሞተ ሃያ ዓመቱ ነው። ከስንዴው ልትጠብቂኝ ነው?" ለምረቃው የመጣው ሰው ሳቀ። "ደግሞስ፣ ሌላ ስም ጠፍቶ ነው ስዊድናዊ ያደረግሽኝ?"

"ፊንላንዳዊና ስዊድናዊ ይመሳሰላል ብዬ ነው።"

"ይኸኛውማ ከመጀመሪያው በደል ይብሳል።"

ቃለ መጠይቁን ስንጀምር በሰጠችኝ የፈቃድ ቅጽ ላይ መፈረሜን አስታወሰችኝ። ፈርሜያለሁ። ሆኖም ስሜ እንዲቀየር የሚፈቅደውን ዓረፍተ ነገር በማስመሪያ ሰርዤ ነው የፈረምኩት። ኮምፒውተሯን ከፍታ ቅጹን አየች። ፊቷ ቀላ፤ ቀጥሎ ሳቋ አመለጣት።

"ሰባ ሦስት ቅጽ ስሰበስብ የማየው ፊርማውን ብቻ ነበር። ማን ይሰርዛል ብዬ! በሉ ያንን ማስመሪያ ያውሱኝ።"

የቀሩትን አስራ ሁለት ቅጂዎች ራሷ አረመች። ሰው የታረመውን ለመግዛት ተሰለፈ፤ ወይዘሮ ግዌንም ክሳቸውን አነሱ። ለጠየቀኝ ሁሉ ፈርሜያለሁ። አንድ ሰውዬ ብቻ "ላርስ፣ ለእኔም!" አለኝ፤ ለእሱ አልፈረምኩም። በሁለተኛው እትም ስሜ ማውጫው ውስጥ እንደሚገባ ዶክተሯ በጽሑፍ ሰጥታኛለች።

ኮንስታብል ፔልቲየር የምስክር ስም እንዲሰወር የሚፈቅደውን መስመር በዚህ ቅጽ ላይ አሳይቶኛል። በማስመሪያ ሰርዤዋለሁ።

ከላይ የሰፈረውን ራሴ አንብቤ፣ ሁለት ቦታ አርሜ፣ እውነት መሆኑን አረጋግጫለሁ። ስለ ላርስ ሉንድክቪስት የምለው ይህን ብቻ ነው፤ ከእንግዲህ የሚጠይቀኝ ዶክተርም ይሁን ዳኛ፣ አንዲት ቃል አያገኝም።

የምስክሩ ፊርማ፦ አርቮ ኢልማሪ ኬቱነን
የፖሊሱ ፊርማ፦ ዳ. ፔልቲየር