የጅሬኑ ለቅሶ

የማህፀን በር ካንሰር ቅድመ ምርመራ ልሄድ ስነሳ ባሌን «ጅሬን ሰፈር ለቅሶ ልደርስ ነው» አልኩት። እውነቱን ብነግረው «ምን ሆነሽ?» እያለ ሳምንት ሙሉ ያደርቀኛላ! ጤና ጣቢያ ስደርስ አግዳሚው ላይ ማንን ባይ ጥሩ ነው? ጎረቤቴን አዴ ዘሀራን! ጥቁር ሻርፕ አጥልቀው ተቀምጠዋል። «ምነው፣ ሐዘን አለ እንዴ?» ስላቸው «ዝም በይ ባክሽ፣ ባሌን ሀጂን፣ ጅሬን ለቅሶ አለ ብያቸው ነው የወጣሁት» አይሉኝም! ሳቃችንን አፍነን ተራችንን ጠበቅን። እኔ ነፃ ሆንኩ። እሳቸው ላይ ግን ትንሽ ነገር ታየች። ሐኪሟ «ካንሰር ሳይሆን ደርሰውበታል» ብላ እዚያው አከመቻቸው።

ወደ ሰፈር ስንመለስ ባሌና ሀጂ በር ላይ ቆመዋል፤ ላብ በላብ ሆነዋል። ለካ ለቅሶ ቀሩ እንዳይባሉ የጅሬንን ዳገት ድንኳን ፍለጋ ሲያስሱት ውለዋል! ሀጂ ግንባራቸውን እየጠረጉ «ለመሆኑ የሞተው ማነው?» አሉ። አዴ ዘሀራ ሻርፓቸውን አውልቀው፣ ፈርጠም ብለው፦

«የምሞተውማ እኔ ነበርኩ፤ አልሐምዱሊላህ፣ ቀደምኩት!»