ጋሽ በረኪናና የፍሳሹ እሳት

ሰው ለሽንኩርት ወጥቶ ወሬ ሸምቶ ይመለሳል፤ የዚያን ቀን የኔም ዕጣ ይኸው ሆነ። ሰማዩ ጠቁሯል፣ መብራት ጠፍቷል፣ ሰዉ ሁሉ ደጅ ወጥቶ ደመና ደመናውን ያያል። ልብስ አጣቢው ጎረቤቴ ሱቁ በር ላይ በርሜል ይዞ ይቁነጠነጣል። ጋሽ በረኪና እንለዋለን፤ በፊቱ ግን አይደለም። የተረፈውን በረኪና ያጠራቅምና ሰማዩ ሲያጉረመርም ቱቦ ውስጥ ይደፋዋል፤ "ሽታው ሳይመጣ ልቅደመው" እያለ።

ምን ያድርግ! ሱቁ ከሁሉም ዝቅ ያለ ነው። መብራት በጠፋ ቁጥር እታች ያለው የፍሳሽ ማጣሪያ ፓምፑ ይቆማል፤ ፍሳሹ ተመልሶ በሱ ወለል ይወጣል። ባለፈው ክረምት የሙሽራ ቀሚስ ተበላሸበት። የሙሽራዋ እናት ያለችውን ብነግራችሁ... ይቅር፣ ልጆች ይሰሙናል። "አሁን ከደገመኝ ሱቁን እዘጋለሁ" ብሎ ምሏል።

በርሜሉን ሊያጋድል ሲል ልጁ እየሮጠች ደረሰች። እዚያው ማጣሪያው ውስጥ መሐንዲስ ናት፤ ጭቃ በጭቃ የሆነ ቦቲዋን እንኳ አላወለቀችም።

"አባዬ፣ እባክህ ዛሬ አትድፋ! ጀነሬተሩን ልናስነሳ ነው።"

"ነዳጁ ከየት መጣ?"

"ከራሱ ከፍሳሹ። ዝቃጩን የተከደነ ትልቅ ጋን ውስጥ እናስገባዋለን። በዓይን የማይታዩ ፍጥረቶች ይበሉትና ጋዝ ይወጣዋል። እስከ ዛሬ ጋዙን ቧንቧ ጫፍ ላይ በከንቱ ስናነደው ኖርን፤ አሁን ጀነሬተሩን ያስነሳልናል።"

"እና ተባይ ልትቀልቢ ነው ያን ሁሉ የተማርሽው?"

ሳቄ አመለጠኝ። እሷ አልሳቀችም።

"በረኪናህ እነሱን ይፈጃቸዋል። ማጣሪያችን ትንሽ ናት፤ ሌሎቹም አጣቢዎች ካንተ አይተው ይደፋሉ። ባለፈው ከደፋችሁ በኋላ ጋዙ ሳስቶ ሰነበተ።"

"ከቆሻሻ የወጣ መብራት እኔ ቤት አይገባም! ነጭ ልብስ ነው የማጥበው።"

"አያቴ ምን እያነደዱ አሳደጉህ?"

 እኔ ልለፈው እንዴ? "ኩበት ነዋ!" አልኩ። "እኔም በሱ ነው ያደግኩት፤ እየኝ እስቲ፣ ምን ጎደለኝ?"

"እትዬ፣ እርስዎ ደግሞ ነገር ላይ ቤንዚን ነዎት!" አለኝ። ከዚያ ወደ ልጁ ዞሮ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "ቢፈነዳስ? አንቺ አይደለሽ አጠገቡ የምትውዪው?"

ለካ የሚያስፈራው ይሄ ኖሯል!

"አባዬ፣ እየተቆጣጠርነው ነው። ትርፉን አሁንም እናነደዋለን። ጀነሬተሩ ሲግል ደግሞ ሙቀቱ ጋኑን ያሞቅልናል፤ ፍጥረቶቹ ብርድ አይወዱም።"

ነጎድጓድ አቋረጣት። ተመልሳ ሮጠች።

ዝናቡ ዱብ ዱብ ማለት ጀመረ፤ ወዲያው አወረደው። እሱ በርሜሉን ታቅፎ ሱቁ ውስጥ የወለሉ ቀዳዳ አጠገብ ቁጢጥ አለ፤ እኔም ተከትዬው ገባሁ። ጥቁር ውሃ ብቅ አለ።

"እትዬ፣ መጣ! ልድፋው?"

"ቆይ ትንሽ!"

"ልብሱ ሊበላሽ ነው እኮ!"

"ልጅህን እመናት አልኩህ!"

ውሃው ወጥቶ የጫማውን ጫፍ ላሰው። በርሜሉን አጋደለ፤ እጁን ያዝኩት፤ ታገልን። በዚህ መሃል ቀዳዳው ጉርርር አለና ውሃውን መልሶ ዋጠው። ቀና ብለን በበሩ ስናይ መንገዱ ሁሉ ድፍን ጨለማ ነው፤ የማጣሪያው ግቢ ብቻ ቦግ ብሏል።

"ሠራ" አለ ቀስ ብሎ። በርሜሉን ከደነና ላዩ ላይ ተቀመጠበት።

ያው የጣልነው ነገር ፓምፑን ያዞራል፣ ጋኑን ያሞቃል፣ መብራት ሲሄድ ሰፈሩን ከፍሳሽ ያድናል። እናንተም ዘይቱን፣ በረኪናውን ቱቦ ውስጥ አትድፉ። እሱ እንደሆነ አሁን በረኪናውን በልክ እየለካ ነው የሚያጥበው፤ አጣቢዎቹንም እየዞረ ይቆጣል። ትናንት እኔንም ባልዲዬን አሽትቶ ነው ያለፈኝ!

ልጁ ማታ ከሥራ ስትገባ ደግሞ፣ ደከመሽ ወይ ከማለቱ በፊት እንዲህ ይላታል፦ "ፍጥረቶችሽ በሉ?"