አቀባዩ ድምፁን ያሰማ

ባለፈው ሐምሌ አንድ ረፋድ ላይ፣ ከአሰላ ወደ ሮቤ በሚወስደው መንገድ ዳር ካለችው የጎሚስታ ቤቴ በር ላይ አንድ ፒክአፕ ጎማው ተንፍሶ ቆመ። ሁለት ሰዎች ወረዱ። አንደኛው የእርሻ መሣሪያ የሚያከራይ ድርጅት የጋራዥ ኃላፊ የሆኑት አቶ አሰግድ ሲሆኑ፣ ሁለተኛዋ የዚያው ድርጅት የሠራተኞች አሠልጣኝ ሶረቲ ናት። ዝናቡ ስለ በረታ ከቆርቆሮዬ ሥር ተጠለሉ። እኔ ከስድስተኛ ክፍል አቋርጬ የቀረውን ከመጽሐፍና ከሰው አፍ የለቀምሁ ነኝ፤ ጎማ እየፈታሁ መስማት ልማዴ ነው።

«ሮቤ እንደደረስን ሥልጠናው ቀርቷል ብዬ ለሠራተኞቹ እነግራለሁ» አሉ አቶ አሰግድ። «አትቀየሚኝ ልጄ። ትናንት አሰላ ላይ ዱላ እያቀባበልሽን አዳራሹን የሩጫ ሜዳ አደረግሽው። ዛሬ ደግሞ ቁምጣ ታስለብሺናለሽ።»

«በእርስዎ ልክ ቁምጣ ከየት ይገኛል፣ ጋሼ?» አለች። ፈገግታዋ ግን ቶሎ ጠፋ።

«ሯጭ እንደነበርሽስ ለምን ደበቅሽን?»

«አፍሬ ነው። ስድስት ዓመት ለክለብ ዱላ ቅብብል ሮጫለሁ። ማመልከቻ ስጽፍ ‹እግር እንጂ ጭንቅላት የላትም› እንዳይሉኝ ስድስቱን ዓመት ዘለልኩት። የት ነበርሽ ሲሉኝ፣ እናቴን ሳስታምም ነበር አልኩ። እናቴ ደግሞ ጤነኛ ናት።»

ይህን ስትል ፊቷን ወደ ዝናቡ አዞረች። በጤነኛ እናት ላይ በሽታ መጥራት በእኛ ዘንድ ቀላል ውሸት አይደለምና እኔም አንገቴን ደፋሁ።

«ትናንትም አጥፍቻለሁ» ብላ ቀጠለች። «ወይዘሮ እታገኘሁን የሚያህሉ አንጋፋ ሠራተኛ በፊሽካ አስነሣሁ። ሄጄ ይቅርታ ጠይቄያቸዋለሁ። ፊሽካው ይቅር፤ ዱላው ግን አይቅር።»

«ዱላ ምን ያስተምራል? እኛ ፈረቃ የምንረካከበው በወረቀት ነው።»

«የይስሃቅ እግር የተሰበረውስ ወረቀት ሳይጻፍ ቀርቶ ነው?»

ሶረቲ ነገሩን ለእኔ አስረዳችኝ። ባለፈው መኸር ዱሬሳ የሚባል ወጣት መካኒክ ፈረቃውን ጨርሶ ሲወጣ፣ የእህል ማጨጃው ኮምባይነር ፍሬን ዘይት እንደሚያፈስ ለአለቃው ለአቶ አሰግድ ሊነግር ወደ ቢሯቸው ይገባል። አለቃው ከደንበኛ ጋር ይነጋገራሉ። ታላቅ ሰው ሲናገር ጣልቃ አይገባምና፣ ዱሬሳ ወረቀቱን በሁለት እጁ ጠረጴዛው ላይ አኑሮ፣ እጅ ነሥቶ ይወጣል። ይስሃቅ የሚባለው ሾፌር ኮምባይነሩን ይዞ ቁልቁለት ላይ ሲደርስ ፍሬኑ እምቢ አለው። ወረቀቱ ተፈልጎ አልተገኘም፤ ማስጠንቀቂያ የተጻፈው በዱሬሳ ላይ ነው።

«ልጁ ጨዋ ነው» አሉ አቶ አሰግድ ቀስ ብለው።

«ጨዋነቱ ነው የጎዳን፣ ጋሼ። እስቲ ጀርባዎን ይስጡንና እጅዎን ወደ ኋላ ይዘርጉ።» ወደ እኔ ዞረች። «ያንን ብረት እርስዎ ያቀብሏቸው።»

የጎማ መፈልቀቂያውን ብረት በሁለት እጄ ያዝሁ፤ ጎንበስ ብዬ፣ ቃል ሳልተነፍስ መዳፋቸው ላይ አኖርሁት። ለታላቅ ሰው የሚሰጠው እንዲህ ነዋ። እሳቸው መድረሱን ስላላወቁ ብረቱ ተንሸራቶ ጫማቸው ላይ ወደቀ።

«ምነው ወንድሜ፣ እኔንም እግሬን ልትሰብረኝ ነው?»

«ሩጫ ላይ ተቀባዩ የሚያየው ወደ ፊት ነው» አለች ሶረቲ። «ስለዚህ አቀባዩ ‹እጅ!› ብሎ ይጣራል፤ ተቀባዩ ጨብጦ እስኪጎትት ድረስም አይለቅም። ይህን በቃል ሦስት ጊዜ ነግሬያቸው ሁሉም እሺ ብለው ጻፉ። በእጃቸው ሲሞክሩት ግን ስድስቱ ዱላውን ጣሉ። ሰውነት የለመደውን ነገር ደብተር ላይ በመጻፍ ብቻ አይተውም።»

«አክብሮትስ? ነገ የትም ልጅ ጆሮዬ ላይ ይጩህብኝ?»

እኔ ሰው ሲነጋገር ብዙ አልገባም። ያን ጊዜ ግን «ጋሼ፣ ዱሬሳ ያን ቀን ቢያቋርጥዎ ምን ያደርጉት ነበር?» አልሁ።

«በር ላይ አቆመው ነበር» አሉ። «ከዚያ በፊትም አንዴ አቁሜዋለሁ።» እጃቸውን ከወገባቸው አውርደው ግድግዳውን ተደገፉ። «ወረቀቱ በሦስተኛው ቀን ተገኝቷል። ከደንበኛው ውል ሥር ነበር። አልነገረኝም ብዬ ለምርመራ ከፈረምኩ በኋላ ነው ያገኘሁት። ቀድጄ ጣልኩት። ትናንት ያንን ዱላ ስትዘረጊልኝ ወረቀቱን ይዘሽ የመጣሽ መሰለኝ።»

እኔ ጎማውን እየገጠምሁ፣ በሽበታም ሰው ዕንባ ላይ ዓይኔን እንዳላሳርፍ ተጠነቀቅሁ።

አቶ አሰግድ ስልካቸውን አወጡ። «ዱሬሳ፣ ሮቤ አዳራሽ ደርሰሃል? ሥልጠናው አለ። ለእኔ የምታቀብለው አንተ ነህ። አስቀድሜ ግን በሰው ሁሉ ፊት የምናገረው የራሴ ጥፋት አለ። … አይ፣ የአንተ አይደለም ልጄ። የእኔ ነው።»

«እኔም ማመልከቻዬን አስተካክላለሁ» አለች ሶረቲ፤ «ቢያባርሩኝም።»

በወሩ ሁለቱም በዚያው ፒክአፕ መጥተው አጫወቱኝ። ከዱሬሳ ላይ ማስጠንቀቂያው ተነሥቶ ወደ አቶ አሰግድ ዞሯል። ሶረቲን ያባረራት የለም። አሁን ፈረቃ ሲለዋወጡ አስረካቢው ብልሽቱን አፍ አውጥቶ ይናገራል፤ ተረካቢው ቃሉን ደግሞ ይመልስለታል፤ እስከዚያ ማንም ንቅንቅ አይልም። ከዚያ ወዲህ ሳይነገር የቀረ ብልሽት ይዞ ከግቢ የወጣ መኪና የለም። ሽማግሌዎቹም አልተዋረዱም፤ ሲጠሯቸው «አቤት» ማለት ተምረዋል።

ከሁሉ ይልቅ ያፈርሁ ግን እኔ ነኝ። የተገጠመ ጎማ ብሎኑ ጥቂት መንገድ ከተሄደ በኋላ እንደገና መጥበቅ እንዳለበት እያወቅሁ፣ ባለመኪናው ትልቅ ሰው ከሆነ «እሳቸውማ ያውቃሉ» ብዬ ስንቱን ዝም ብዬ ሸኝቻለሁ። እስከ ዛሬ የጠበቃቸው አምላክ ይመስገን። አሁን ማንም ይሁን ማን መስኮቱን አንኳኩቼ እነግረዋለሁ፤ መልሶ እስኪነግረኝም እጄን ከበሩ ላይ አላነሣም።