ሐሙስን ምን አደረግሃት?

የተከበራችሁ የመሥሪያ ቤታችን ባልደረቦች፣ የሲስተር ማስተዋል ቤተሰቦችና ጎረቤቶች፣ እንዲሁም ጠላው እንዲቀዳ ንግግሩ ቢያልቅ ብላችሁ በዓይናችሁ የምትለምኑኝ ወዳጆቼ፤ እንደምን ዋላችሁ። የሲስተርን የጡረታ ሽኝት ንግግር ከመጀመሬ በፊት አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። ዛሬ በዚህ አዳራሽ መስኮት አይከፈትም። ኮሚቴው ተወያይቶ በድምፅ ብልጫ ወስኗል፤ ቃለ ጉባኤውም ተፈርሟል። ሲስተር፣ ቁጭ ይበሉ! አይቻለሁ፣ ዓይንዎ መስኮቱ ላይ ነው።

ለምን እንዲህ እንደወሰንን የማታውቁ እንግዶች ስላላችሁ፣ ሲስተር ወደ መሥሪያ ቤታችን የመጡበትን ቀን ልንገራችሁ። ሐምሌ 2002 ነው። የደብረ ታቦርን ሐምሌ ታውቁታላችሁ። እኔ ከተቀጠርኩ ሦስተኛ ሳምንቴ ነበር። አራት ሰዎች በአንዲት ክፍል ተፋፍገን፣ በሩን ዘግተን፣ መስኮቱን ዘግተን፣ የመስኮቱን ስንጥቅ በጋዜጣ ጠቅጥቀን ተቀምጠናል። ጋዜጣውን የጠቀጠቅሁት እኔ ነኝ። በመንግሥት ሥራ የመጀመሪያው ውጤቴ ነበር።

በሩ ተበረገደና አንዲት ሴት ገቡ። ቦት ጫማ አድርገዋል፣ ጭቃው እስከ ጉልበታቸው ደርሷል፣ ጋቢ ተከናንበዋል። ባለጉዳይ መስለውን "እትዬ፣ መዝገብ ቤቱ በወዲያ በኩል ነው" አልናቸው። ቀጥ ብለው ሄደው ጋዜጣዬን መዝዘው ጣሉና መስኮቱን ወለል አደረጉት። ከዚያ ዞር ብለው፣ "እንደምን አደራችሁ። ማስተዋል እባላለሁ፤ ከጉና ተራራ ሥር ካለው ጤና ጣቢያ ተዛውሬ ነው። የጤና ትምህርት ክፍል ኃላፊያችሁ ነኝ። አንድ ትንፋሽ ለአራት እየተቀባበላችሁ ነው እንዴ?" አሉን።

ከዚያ ቀን ወዲህ ያ መስኮት ተዘግቶ አያውቅም። ጸሐፊያችን ፍቅርተ በክረምት ጓንት አድርጋ ስትጽፍ ኖራለች። አቤቱታ አስገባን፣ ተሰበሰብን፣ አንዴም ክፍት አድርጎ የሚይዘውን መንጠቆ ደብቀን ነበር፤ መስኮቱ በሽቦ ታስሮ ተከፍቶ አገኘነው። በመጋቢት 2012፣ ኮሮና አገራችን ገባ በተባለ ሰሞን፣ ከበላይ አንድ መመሪያ መጣ። አራተኛው ተራ ቁጥር ላይ "የቢሮ መስኮቶች ዘወትር ክፍት እንዲሆኑ" ይላል። ሲስተር አነበቡት። ወረቀቱን አራተኛው ተራ ቁጥር ላይ አጥፈው ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡልኝና ሻያቸውን ሊጠጡ ወጡ።

ሌላው ዓመላቸው "ድገምልኝ" ነው። እዚህ ካላችሁት ያልተባለ ካለ እጁን ያውጣ። የለም። ሲስተር አንድ ነገር ካዘዙ በኋላ "እሺ" ብሎ መሄድ የለም። "ምን አልኩህ? ድገምልኝ" ይላሉ። ሻይ ሲያዙ እንኳ "ቀጭን፣ ያለ ስኳር። ምን አልኩሽ?" ሾፌራችን አንዱአምላክ ከመልመዱ የተነሣ ቤቱ ሽንኩርት ግዛ ሲባል ማንም ሳይጠይቀው "ሽንኩርት፣ ሁለት ኪሎ፣ ቀዩን" ብሎ ደግሞ ነው የሚወጣው አሉ። ባለቤቱ እዚህ ስላለች ልትመሰክር ትችላለች።

በዚያ የኮሮና ሰሞን ደግሞ በር ላይ ጄሪካንና ሳሙና አስቀምጠው ራሳቸው ዘብ ቆሙ። የዚያን ጊዜው የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ ስብሰባ ረፍዶባቸው እየሮጡ መጡ።

"ይታጠቡ፣ ጌታዬ።"

"ሲስተር፣ አሁን ቤቴ ታጥቤ ነው የመጣሁት።"

"የመኪናዎን በር ማን ከፈተው?"

"እኔ።"

"እሱስ ታጥቦ ነበር?"

ታጠቡ። ሲስተር እስከ ክርናቸው አስታጠቧቸው። ኃላፊውም ስብሰባው ላይ እጅጌያቸው እየተንጠባጠበ ስለ እጅ መታጠብ ረጅም ንግግር አደረጉ።

የሐሙሲቱን ገበያ ግን ሳልናገር ብቀመጥ አትለቁኝም። ሚያዝያ መጀመሪያ ላይ፣ በገበያው ቀን፣ ሐሙስ፣ እኔና ሲስተር አንዱአምላክ በሚነዳት መኪና ወደ ሐሙሲት ከተማ ወረድን። የእጅ ድምፅ ማጉያ ይዘናል። ጽሑፉን ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ። ድንጋይ ላይ ወጣሁና "የተከበራችሁ የአካባቢያችን ነዋሪዎች! አካላዊ ርቀትን በመጠበቅና ንክኪን በመቀነስ የወረርሽኙን ሥርጭት በጋራ እንግታ!" እያልኩ አነበብኩ። አምሮብኛል ብዬ አስቤ ነበር። አንድ ሽማግሌ ጠጋ አሉኝና፣ "ልጄ፣ ድምፅህስ ደኅና ነው። ኧረ ለመሆኑ ምን አድርጉ ነው የምትለን?" አሉኝ።

ሲስተር ማጉያውን ከእጄ ተቀበሉኝ። አፋቸው ላይ አደረጉና፣ "ዱላ የያዝህ ሁሉ ስማኝ! ዱላህን ወደ ፊት ዘርጋ! ፊት ለፊትህ ያለውም ይዘርጋ! ጫፍና ጫፉ ከተነካካ እዚያው ቁም! ከዚያ ወዲህ አትምጣ! ምን አልኩ? ድገሙልኝ!" አሉ። በዙሪያችን ያለው ሰው በአንድ ድምፅ "ዱላ ለዱላ!" አለ። እኔ በልቤ ስለካው አራት ሜትር ሊሆን ምንም አልቀረውም። "ሲስተር፣ መመሪያው እኮ ሁለት ሜትር ነው የሚለው" ብላቸው፣ "ተወው፣ መቀነሱን እነሱ ያውቁበታል" አሉኝ።

እህል ተራው ላይ ያለው ሰው ሁሉ ዱላውን ዘረጋ። ልብ በሉ፣ የእህል ተራው ብቻ ነው የሰማው። በግ ተራ ያለው ሰው አልሰማም። እሱ ዘወር ሲል ያየው መቶ ዱላ ተዘርግቶ፣ ሰው ፊት ለፊት ተፋጦ ነው። "ጠብ ተነሣ! ገላግሉ!" አለ አንዱ። በግ ተራው በሙሉ በጉን ጥሎ ተነሥቶ መጣ። ሊገላግል! አንዱ አንዱን ከኋላው አቅፎ ይዞ፣ "ተው ወንድሜ፣ በመድኃኔ ዓለም!" ይላል።

"ኧረ ልቀቀኝ፣ እኔ አልተጣላሁም! እየተራራቅሁ ነው!"

"እኮ፣ ምን አድርጎህ ነው የምትርቀው?"

በዚያ ዓመት በአገሩ ሁሉ ያን ያህል ሰው በአንድ ቦታ የተቃቀፈ አይመስለኝም። ሲስተር በማጉያው "ተላቀቁ!" ሲሉ ገላጋዩ ደግሞ ሲስተር ለእርቅ የመጡ መስሎት "ሰምታችኋል፣ እትዬ ተላቀቁ ብለዋል!" እያለ ይበልጥ አጥብቆ ይይዛል። ለማስረዳት አንድ ሰዓት ፈጀብን። የጠፋው በግ ግን ሁሉም ተገኝቷል።

ሳቁ፣ ሳቁ። እኔም ይህን ታሪክ በየሠርጉና በየስብሰባው ሳወራው አምስት ዓመት አልፏል። ግን ሁልጊዜ የማስቀራት አንዲት ነገር አለች። ዛሬ እናገራታለሁ። ሲስተር፣ ራስዎን አይነቅንቁብኝ፤ አስፈቅጄዎት አይደለም የተነሣሁት።

ከዚያ ሐሙስ በፊት ለሁለት ቀን ባሕር ዳር ሥልጠና ላይ ነበርኩ። ረቡዕ ማምሻውን ስልክ ተደወለልኝ። ሥልጠናው ላይ አጠገቤ የተቀመጠው ሰው ተመርምሮ ቫይረሱ ተገኝቶበታል። "ለጤና ባለሙያ አሳውቅ፣ ከሰው ራቅ" ተባልኩ። ጤና ባለሙያው ማን ነው? እኔ ነኝ። "ንክኪ ያለው ሰው ራሱን ያሳውቅ" ብሎ ወረቀት የበተነውም እኔ ነኝ። ታዲያ ፈራሁ። ለይቶ ማቆያ መግባቱን ፈራሁ፣ ስሜ በሰፈር መነሣቱን ፈራሁ። ሳል የለኝ፣ ትኩሳት የለኝ እያልኩ ለራሴ ዋሸሁና ሐሙስ ጠዋት መኪናው ውስጥ ገባሁ። ሲስተር ከእጄ ተቀብለው አፋቸው ላይ ያደረጉት ማጉያ፣ እኔ ግማሽ ሰዓት የተነፈስኩበት ማጉያ ነው። አንዱአምላክ፣ ረቡዕ ማወቄን አንተም አሁን ነው የምትሰማው።

ስንመለስ ሲስተር ከኋላ ወንበር ሆነው፣ "ሙሉሐብት፣ ነገ ለቀበሌዎቹ የምንነግረውን እስቲ ድገምልኝ" አሉኝ። እጅ መታጠብ አልኩ። ርቀት አልኩ። "ሌላስ?" አሉ። ንክኪ ያለው ሰው ራሱን... ብዬ ጨረስኩት ወይስ አልጨረስኩትም፣ አላስታውስም። ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም። ዓርብ ማለዳ ደጃቸው ሄጄ ከአጥሩ ውጭ ቆሜ ጠራኋቸውና ነገርኳቸው።

"መቼ አወቅህ?" አሉኝ።

"ረቡዕ ማምሻውን።"

"ዛሬ ምን ቀን ነው?"

"ዓርብ።"

"ሐሙስን ምን አደረግሃት?" አሉኝ።

ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። እሳቸው ግን፣ "በል ቤትህ ተለይተህ ግባ። እኔም ገባሁ። በርህን ዝጋ፣ መስኮትህን ክፈት። ምን አልኩህ?" አሉኝ። ደገምኩላቸው። ከዚያ ስልካቸውን አንሥተው በሐሙሲት ዙሪያ ላሉ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች አንድ በአንድ ደወሉ። ለቢሮ "ዓርብ ጠዋት ነገረኝ፣ ሦስታችንም ተለይተን ቤት ገብተናል" ብለው አስታወቁ። መቼ እንዳወቅሁ የጠየቀ አልነበረም። እሳቸውም እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገሩም።

በአምስተኛው ቀን ወንድማቸው ይሻው ከጉና ሥር ደወለላቸው። እናታቸው ዐርፈዋል። በእርጅና ነው፣ በእንቅልፋቸው። ቀብሩ በማግስቱ ነበር። ከዚህ እዚያ በመኪና ምን ያህል ቅርብ እንደሆነ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ሲስተር አልሄዱም። ይሻውን፣ "ሰዉን ዱላ ለዱላ አቁምልኝ፣ እኔን አትጠብቁኝ" አሉት። ይሻው፣ እዚህ ነህ፤ ያን ቀን ምን እንደተሰማህ አልጠይቅህም።

ያኔ እኔ ቤቴ ተዘግቼ ነበርና የሚከተለውን የነገረችኝ ፍቅርተ ናት። ሲስተር ለጎረቤት "ለቅሶ አትምጡ" ብለው መልእክት ልከው ነበር። ሰዉ ግን መጣ። መጣና ከአጥሩ ውጭ መንገዱ ላይ ቆመ። ዱላ የያዘው ዱላውን፣ ሴቶቹ ጃንጥላቸውን እየዘረጉ ተለካክተው፣ ጫፍ ለጫፍ እስኪነካካ ተራርቀው፣ እስከ ማዕዘኑ ድረስ ተሰልፈው አለቀሱላቸው። አንድም ሰው አልተጠጋም። ሲስተር በተከፈተው መስኮታቸው ቆመው አብረው አለቀሱ።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን ውጤት መጣ። ሦስታችንም ነጻ። ከሐሙሲትም የታመመ አልተሰማም። እኔ እየሮጥኩ ሄጄ እግራቸው ላይ ወደቅሁ። "በእኔ ምክንያት እናትዎን ሳይቀብሩ ቀሩ። ለካ ቢሄዱም ምንም አልነበረ!" አልኳቸው።

"ደጄ ላይ ዘብ አልቆመም" አሉኝ። "የቀረሁት እኔ ነኝ። ያኔ ደግሞ አናውቅም ነበር።" ከዚያ እንዲህ ቁልቁል እያዩኝ፣ "ድገምልኝ" አሉ።

"ምኑን ሲስተር?"

"ያኔ አናውቅም ነበር፣ በል።"

"ያኔ አናውቅም ነበር" አልኩ። እጄን ይዘው አነሡኝ። ሰኞ ቢሮ ስገባ መስኮቱ ተከፍቶ፣ ሻያቸው ቀጭን፣ ያለ ስኳር፣ ጠረጴዛቸው ላይ ነበር። ነገሩ ዳግም አልተነሣም።

ሲስተር፣ አመሰግንዎታለሁ። ይህ ሁሉ ሰው እኔን "ኃላፊነት የሚሰማው ልጅ" እያለ የሚጠራኝ አንቱ ስሜን ስለጠበቁልኝ ነው። ስሙን ለመልበስ አምስት ዓመት ታገልኩ፤ አንዳንድ ቀን ልክ ሆኖኛል፣ አንዳንድ ቀን ይሰፋኛል። ለቅሶዎን ግን አልደረስኩም። ስለዚህ ዛሬ፣ ዘግይቼ፣ በሰው ፊት፣ እግዚአብሔር ያጽናዎ። የሐሙሷን ነገር ይቅር ይበሉኝ። አንዱአምላክ፣ አንተም ይቅር በለኝ፤ ልጆችህን ሁለት ሳምንት በመስኮት አሳይቼሃለሁ።

አሁን ወደ እናትዎ ቤት፣ ወደ ጉና ሥር ሊገቡ ነው። ይህን ወፍራም ጋቢ የገዛንልዎት መስኮት እንደማይዘጉ ስለምናውቅ ነው። በሚቀጥለው እሑድ እመጣለሁ፤ ከይሻው ጋር ተነጋግረናል፣ እናትዎ መቃብር ወስዶ ያሳየኛል። ጤናውን፣ ዕድሜውን፣ የልጅ ልጁን ያብዛልዎ። ገብስዎ ይመር፣ በግዎ ይርባ፣ የጉና ብርድ ይራራልዎ። የመንደሩ ሰው ደግሞ አንዴ ሲነገረው የሚሰማ ይሁንልዎ፤ ካልሰማም እንዴት እንደሚያደርጉት ያውቃሉ።

በሉ እንግዲህ፣ ሁላችሁም ተነሡ፣ ብርጭቋችሁን ያዙ። ለሲስተር ማስተዋል! ሲስተር፣ ከመጠጣታችን በፊት አንድ ጊዜ የእርስዎን አባባል ልመልስብዎት፦ ምን አልኩ? ይድገሙልኝ። ያችን ይቅርታ የምትለዋን።

...አሉ! ሰምታችኋል፣ "ይቅር ብያለሁ፣ ድሮ" ብለዋል። በሉ፣ ለጤናችን! አንዱአምላክ፣ ወንድሜ፣ የኮሚቴውን ውሳኔ ተወውና መስኮቱን ክፈተው።