የአባ ጽዱ ብርቱካን

አባ ጽዱ ጄሪካናቸውን አንጠልጥለው ከተባይ መድኃኒት መሸጫው ሲወጡ፣ ከወንድማቸው ልጅ ጋር በሩ ላይ ተገጣጠሙ። ልጅቱ ስለ አፈር ተምራ የተመለሰች ናት፤ ሰሞኑን የጎረቤታቸውን የመበለቲቱን የብርቱካን ማሳ አፈር እየዛቀች ታጠናለች። «አፈር ለማየት ይህን ያህል ትምህርት?» ብለው ከሳቁባት ወዲህ ብዙም አልተያዩም።

«እንደምን ዋሉ ጋሼ? ይስጡኝ፣ እኔ ልያዝልዎት።»

«ተይው ልጄ፣ ከፈሰሰብሽ ልብስሽን ያቃጥለዋል።»

«ልብስ የሚያቃጥል ነገር አፈሩንስ ምን ያደርገው ይሆን?»

«ጀመረሽ ደግሞ!» አሉና መንገዱን አብረው ተያያዙት።

አባ ጽዱ ያሏቸው ጎረቤቶቻቸው ናቸው፤ ስሙ ልክክ ብሎባቸዋል። ማሳቸውን እንደ ሳሎን በየማለዳው ይጠርጋሉ። ከዛፍ ሥር አንዲት ቅጠል አድራ ካገኙ የሰደቧቸው ያህል ይቆጣሉ። የጠረጉትን ጥግ ካለው ጉድጓድ ይከቱና መርጫቸውን አዝለው ዛፉንም መሬቱንም በመድኃኒት ያርሱታል። ባለቤታቸው ልትሞት ስትል እጃቸውን ይዛ፣ «ያቺን ዛፌን አደራ» ብላቸው ነበር፤ በተጋቡ ሰሞን በገዛ እጇ የተከለቻትን ብርቱካን። ከቀብሩ ማግስት ጀምሮ መጥረጉም መርጨቱም እጥፍ ሆነ። ዛፏ ግን ከጫፏ መድረቅ ጀመረች። ዛሬ ጠንከር ያለውን መድኃኒት የገዙት ለእሷ ነው።

ዛፏ ሥር ሲደርሱ ልጅቱ ተንበርክካ መሬቱን በጣቷ ነካ ነካ አደረገችው። እንደ ጡብ ደርቋል።

«ጋሼ፣ እዚህ አፈር ውስጥ የሚኖር ነገር የለም።»

«እሰይ! ታዲያ ለምን የምረጭ መሰለሽ? ደግሞ ጉንዳኑን አታይም?»

«ጉንዳን የትም ይኖራል። እኔ የምለው ቅጠል የሚያደቁትን ነፍሳት ነው። እስቲ ቅጠሉን የሚከቱበትን ጉድጓድ እንየው።»

አባ ጽዱ እያጉረመረሙ በዶማ ቆፈሩ። ከላይ ያለው ቅጠል ደረቅ ነው፤ ከሥሩ ያለውም ያው። እየጠለቁ ሄዱ። ከታች የወጣው ቅጠል ጠቁሯል እንጂ ጠርዙ እንኳ አልተበላም።

«ይህ መቼ የተቀበረ ነው?»

ሽማግሌው ዶማውን ተደግፈው ቆሙ። «ይህንን... ከእሷ ጋር ነው የሞላነው። በደህናዋ ጊዜ።»

የሟች እጅ የጠረገው ቅጠል እስካሁን አልበሰበሰም። አይ ሰው! የቆጡን አወርድ ብሎ የብብቱን ይጥላል።

ልጅቱ አጥሩን ተሻገረችና ከመበለቲቱ ማሳ እፍኝ አፈር ይዛ መጣች። መዳፏ ላይ ስትበትነው ነጫጭ ደቃቅ ነፍሳት ተፈናጠሩ፤ አንድ ጥንዚዛ ለመደበቅ ተሯሯጠ። በመካከሉ ያለው ቅጠል ጅማቱ ብቻ ቀርቷል።

«እነዚህ የወደቀውን ይቆረጣጥሙታል፤ ዓይን የማያየው ደግሞ ያበሰብሰዋል፤ ዛፉ መልሶ የሚመገበው ያንን ነው። እግረ መንገዳቸውን አፈሩን ይቦረቡሩታል፣ ውኃው በዚያ ይሰርጋል። ጥንዚዛውና ሸረሪቱ ተባዩን ይበሉታል። እርስዎ ምግባቸውን ጠረጉባቸው፣ የተረፉትን በመርጫ ጨረሷቸው።»

«የመበለቲቱ ፍሬ እኮ ነጠብጣብ ነው!»

«ነው። መርጨት ባቆመች ሰሞን ምርቷም ቀንሶባት ነበር፤ አልዋሽዎትም። እጅዎን አጣምረው ይቀመጡም አላልኩም። ቅጠሉን ለአፈሩ ይተዉለት፣ ፍግ ያልብሱት፣ በመካከሉ ሣር ይብቀል። የታመመውን ቅርንጫፍ በጊዜ ይቁረጡ። ሥራው አይቀርም፣ ሌላ ዓይነት ሥራ ነው።»

አባ ጽዱ ዛፏን ቀና ብለው አዩ።

«ይህቺስ ትድናለች?»

ልጅቱ መዋሸት አማራት፤ ግን አልቻለችም። «አትድንም ጋሼ። ሥሯ አልቋል። ሌሎቹ ግን ገና ሊተርፉ ይችላሉ።»

«እንግዲያው አደራ በላ ሆኜ ቀረሁ በይኛ!»

«ባያውቁ ነው።»

«ባላውቅስ? ለእሷ ምን ብዬ ልንገራት?»

ልጅቱ ያልተከፈተውን ጄሪካን አንስታ ወደ ሱቁ ልትመልሰው ስትሄድ አልከለከሏትም።

ዛፏ ክረምቱን ሳታይ ደረቀች። አባ ጽዱ ሌላ ሰው አላስነኩም፤ ራሳቸው ቆረጧት፤ ቅርንጫፏን አድቅቀው ከቀሩት ዛፎች ሥር አለበሱት። መጥረጊያው ግቢ እንጂ ማሳ መጥረጉ ቀረ። ጎረቤት «አባ ጽዱ አረጁ» እያለ ተሳለቀባቸው፤ ጆሮ ዳባ ልበስ አሉ። በመጀመሪያው ዓመት ፍሬው አነሰ፤ መበለቲቱን «እንዴት ቻልሽው?» ብለው እስከ መጠየቅ ደረሱ። በኋላ ግን ዝናቡ እንደ ድሮው ተንጣሎ መቅረቱን ትቶ ወደ ውስጥ መስረግ ጀመረ፤ ያዘመሙት ዛፎችም አዲስ ቅጠል አወጡ። አንባቢ ሆይ፣ ንጽሕና ለቤት ነው፤ መሬት ግን ከቆሻሻው የሚበላ ፍጡር ነው፤ ማዕዱን አንሥተው ቢጠብቁት ይራባል እንጂ አይጸዳም።

አንድ ቀን ከዝናብ በኋላ ልጅቱ ስትመጣ ሽማግሌውን ከአንዱ ዛፍ ሥር ጎንበስ ብለው አገኘቻቸው። የዚያችን የባለቤታቸውን ዛፍ ቅርፊት ገልበጥ አድርገው ይዘዋል። ከሥሩ ነጫጮቹ ደቃቆች ይፈናጠራሉ፤ ቅርፊቱን ወንፊት አድርገውታል።

አባ ጽዱ እንባቸውን አልጠረጉም። ቅርፊቱን ቀስ ብለው ወደ ቦታው መለሱት።

«ብሉ፣» አሉ። «የእሷ ነው፤ ብሉ።»