ልጅ ለእናቷ ስታስተረጉም

በስደት አገር፣ ላንድማርክ ከሚባለው ፌርማታ በተሳፈርኩበት አውቶቡስ፣ ከፊቴ የተቀመጠች እናት አጠገቧ ላሉት የማታውቃቸው አሮጊት ታወራለች።

«ትምህርት ቤት ጠሩኝ። እንደ ወትሮው ልጄ አስተረጎመችልኝ።»

«ስንት ዓመቷ ነው?»

«አሥራ አምስት። ‹ጎበዝ ናት ይላሉ› አለችኝ።»

«እሰይ!»

«ምን እሰይ አለው፣ እማማ! ካውንስለሯ፣ የተማሪዎች አማካሪዋ፣ የራሷን እንባ ትጠርግ ነበር።»

«ለጎበዝ ልጅማ አይለቀስም።»

«እኔም ጠረጠርኩ። ከወጣን በኋላ ‹በይ አሁን የእውነቱን ንገሪኝ› አልኳት።»

«እሺ?»

«‹መኖር አልፈልግም ብያቸው ነው› አለችኝ፣ ቀስ ብላ።»

«ውይ ልጄን! አንቺስ?»

«አቀፍኳት። ለምን ደበቅሽኝ ስላት፣ ‹ከሥራ ደክሞሽ ነው የመጣሽው› አለችኝ።»

«አሁን ማን አጠገቧ አለ?»

«እህቴ አለች። አሁን ደርሼ ሐኪም ጋ እወስዳታለሁ።»

«እዚያም ራሷ ልታስተረጉም?»

«ሌላ ማን አለኝ?»

«የኔም እንግሊዝኛ የሆቴል ጽዳት እንግሊዝኛ ነው፤ አስተርጓሚ አምጡ ማለት ግን አያቅተኝም። አብሬሽ እሄዳለሁ።»

«መውረጃዬ ቀጣዩ ነው ብለውኝ አልነበር?»

«ይለፈኛ!»

እኔም የምወርድበት ሲደርስ፣ አብሬያቸው ልሄድ ብዬ፣ አውቶቡሱን የማስቆሚያውን ገመድ ሳልስብ ቀረሁ።